ከመዥገር እስከ ካሩራ ደን

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ምሁር ከናይሮቢ ወጣ ብለው በየመንደሩ ከከብት ላይ መዥገር ይለቅሙ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ ይባላሉ። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን ስለ እንስሳት አካል አሠራር ያስተምሩ ነበር። በ1971 ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሲያገኙም ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነዋል። የዚያን ጊዜ ጥናታቸው መዥገር በሚያስተላልፈውና የተዳቀሉ ላሞችን በሚፈጀው «ኢስት ኮስት ፊቨር» በተባለ በሽታ ላይ ነበር።

መዥገር ፍለጋ በወጡ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ያያሉ። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ደፍርሶ የኮረብታውን አፈር ጠርጎ ይወርዳል። ሣሩ ሳስቷል፤ የከብቱ የጎድን አጥንት ይቆጠራል፤ ሰዉም ቢሆን የጠገበ አይመስልም። ለመዥገሩ መድኃኒት ሊገኝለት ይችላል። አፈሩ ታጥቦ ሣር የማይበቅልበት መሬት ግን ከበሽታ የዳነውንም ላም በረሃብ ይገድላል። ተመራማሪዋ የከብቱን ጠላት ከላሙ ጆሮ ሥር ሲፈልጉ ከተራቆተው ኮረብታ ላይ አገኙት።

ወደ ትውልድ መንደራቸው ሲሄዱም ያው ነገር ጠበቃቸው። በልጅነታቸው፣ በኒዬሪ አውራጃ ኢሂቴ መንደር፣ ከቤታቸው አጠገብ የዋርካ ወገን የሆነ ትልቅ ዛፍ ነበር። ኪኩዩዎች «ሙጉሞ» ይሉታል፤ እንደ እኛ አገር አድባር ይከበራል። እናታቸው ከሥሩ ጭራሮ እንኳን እንዳይለቅሙ ያስጠነቅቋቸው ነበር። ከዛፉ አቅራቢያ ምንጭ ይፈልቃል፤ ልጅቷ ዋንጋሪ ውኃ የምትቀዳው ከዚያ ነበር። አድገው ሲመለሱ የመሬቱ አዲስ ባለቤት ዛፉን ቆርጦ ሻይ ተክሎበታል። ምንጩም ደርቋል። የዛፉ ሥር ድንጋዩን ሰንጥቆ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርድ፣ አፈሩንም ከመናድ ይይዝ እንደነበር የተረዱት ያኔ ነው። የእናታቸው ማስጠንቀቂያ ምንጩን ሲጠብቅ ኖሯል።

የቀረውን የነገሯቸው የገጠር ሴቶች ናቸው። ዋንጋሪ በሚሳተፉበት የኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ሴቶቹ የሚያነሱት ችግር አንድ ዓይነት ነበር፦ ማገዶ ራቀ፣ ንጹሕ ውኃ ጠፋ፣ ልጆች በቂ ምግብ አያገኙም። እንጨት ሲጠፋ ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ባህላዊ ምግብ ይቀራል፤ በምትኩ ቶሎ የሚበስለው፣ ገንቢነት የሌለው ይገባል። ወንዙ፣ ላሙ፣ ምንጩና የልጆቹ ምግብ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ፤ ዛፍ ላይ።

ነገሩን ማወቅ ግን ዛፍ አላበቀለም። የመጀመሪያው የችግኝ ጣቢያቸው በናይሮቢ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በካሩራ ደን ውስጥ ነበር። በ1976 ቫንኩቨር ከተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሲመለሱ ችግኞቹ ውኃ አጥተው ደርቀው አገኟቸው። ሰኔ 5 ቀን 1977 በናይሮቢ ካሙኩንጂ መናፈሻ በክብር ሥነ ሥርዓት ከተተከሉት ሰባት ዛፎችም አብዛኞቹ አልጸደቁም። አረንጓዴ ቀበቶ የተባለው ንቅናቄ የተጀመረው በዚያ ቀን ነው፤ ያጸናው ግን ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ነው። የደን ባለሙያዎች ዛፍ ማፍላት ሥልጠና ይጠይቃል ቢሉም፣ ሴቶቹ ዘሩን ከየአካባቢያቸው ለቅመው በተሰበረ ገንቦ ላይ አፈሉት፤ ዶሮና ፍየል እንዳይደርስበትም ከፍ አድርገው አስቀመጡት። ጥቂት ሳንቲም የሚከፈላቸው ለተከሉት ሁሉ ሳይሆን ለጸደቀው ብቻ ነበር። ንቅናቄው ከዚያ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዛፎችን አስተክሏል።

የመጨረሻውን ግኝት ያመጣው ያው ካሩራ ነው። በ1932 በሕግ የተከለለው፣ ከ1,000 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ይህ ደን በ1998 በድብቅ እየተሸነሸነ ለባለሥልጣናት ወዳጆች መሰጠቱ ተሰማ። ዋንጋሪ ደብዳቤ ጻፉ፣ ጋዜጦችን ቀሰቀሱ፣ ችግኝ ይዘው ወደ ደኑ ገቡ። ጥር 8 ቀን 1999 ከተቃዋሚ የፓርላማ አባላት፣ ከጋዜጠኞችና ከውጭ አገር የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጋር ዛፍ ሊተክሉ ሲሄዱ፣ በሩን የያዙ ጎረምሶች በዱላና በድንጋይ ወረዱባቸው። ዋንጋሪ ራሳቸው ላይ ተፈነከቱ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የክስ ማመልከቻውን የፈረሙት ከቁስላቸው በሚፈሰው ደም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎዳና ወጡ፤ ጩኸቱ ከአገር አልፎ ተሰማ። ነሐሴ 16 ቀን 1999 ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የሕዝብ መሬት መታደል እንዲቆም አዘዙ።

በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ዛፍ መትከል ከሰላም ምን አገናኘው ብለው የጠየቁ ብዙ ነበሩ። መልሱ ካሩራ ደን ውስጥ ነው። የጋራ የሆነውን ውኃና መሬት ጥቂቶች የሚቀራመቱበት አገር ሰላም አይኖረውም፤ ደኑን የሚጠብቅ ዜጋም መብቱን የሚጠይቅ ዜጋ ነው። በኬንያ የ2005 የደን ሕግ ነዋሪዎች ማኅበር መሥርተው ደን እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። የካሩራ ደን ወዳጆች የተባለው ማኅበርም ከአገሪቱ የደን አገልግሎት ጋር ሆኖ ደኑን በኤሌክትሪክ አጥር አጠረ። ቀድሞ ዘራፊ የሚፈራበት ጫካ ዛሬ ቤተሰብ የሚንሸራሸርበት ሆኗል። ጠፍተው የነበሩት ጉሬዛዎችም ከሌላ ቦታ መጥተው እንደገና ሰፍረውበታል።

እኛም በየክረምቱ ችግኝ የምንተክል ሕዝብ ነን። በየገዳሙና በየደብሩ ዙሪያ አባቶች ያቆዩት ጥቅጥቅ ደን ዛሬም አለልን። ከናይሮቢ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ የተከልነውን ሳይሆን የጸደቀውን እንቁጠር፤ ለጸደቀውም በስሙ የሚጠራ ጠባቂ እንመድብለት። በሰፈራችሁ ያለው ደን ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ዛሬ ጠይቁ፤ ሊሸነሽነው የሚመጣ ሲኖርም ዝም አትበሉ።