ተፈታ የምትገጠም ጀልባ

ጀልባ ውሃ ላይ ሰውን ትሸከማለች። የብስ ላይ ግን ሰው ነው ጀልባን የሚሸከማት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰውና ዕቃ የምታሻግር ጀልባ ሰፋና ረዘም ማለት አለባት። ሰፋና ረዘም ካለች ደግሞ ለመሸከምም፣ ለማስቀመጥም ታስቸግራለች። ታዲያ ምን ይሻላል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጀልባ ሠሪዎች ያገኙት መላ ከዚህ ተረት ጋር ይመሳሰላል። ጀልባይቱን ከፋፍለው ይሠሯታል። ለጉዞ ትፈታለች። ውሃ ዳር ስትደርስ ትገጠማለች።

ለማን ትጠቅማለች?

ጣና ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ታንኳን ያውቃል። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ሲደርቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይከብዳል። ስለዚህ ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ወደ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ባለታንኳው ሰፊ ዳር አለው።

ባሕር ላይ የሚኖር ሰው ግን እንዲህ ያለ ዳር የለውም። በሸራ ጀልባ ከአገር አገር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ትልቋ ጀልባቸው ጥልቅ ውሃ ትፈልጋለች። ስለዚህ ከዳር ርቀው በመልህቅ ያቆሟታል። ወደ የብስ ለመውጣት፣ የሚጠጣ ውሃና ስንቅ ለማምጣት ሌላ ትንሽ ጀልባ ያሻቸዋል። ይህችን ትንሽ ጀልባ የት ያስቀምጧት? ትልቋ ጀልባ ላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ሦስት ሜትር ያህል የምትረዝም ትንሽ ጀልባ ለሁለት ከተፈታች ግን ሁለት ሜትር የማይሞላ ቦታ ይበቃታል። የፊተኛው ክፍል ጠበብ ያለ ስለሆነ በኋለኛው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ትንሹ እንቅብ በትልቁ እንቅብ ውስጥ እንደሚገባ ማለት ነው።

ሸክሙም ይቀላል። ጀልባይቱ አርባ ኪሎ ብትመዝን አንዱ ክፍል ሃያ ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህን አንድ ሰው ያነሣዋል።

እንዴት ትሠራለች?

«ጀልባ ለሁለት ተቆርጣ እንዴት ውሃ አይገባትም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው።

አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ላይ አስቀምጡ። ይንሳፈፋል። ጎኑ ቢሸረፍ ግን ውሃ ገብቶ ይሰጥማል። ጀልባም እንደዚሁ ናት። ስለዚህ ሠሪው ጀልባይቱን ከመቁረጡ በፊት መካከሏ ላይ ሁለት ግድግዳ ጎን ለጎን ያቆማል። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ለመጋዝ የሚበቃ ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ በሁለቱም ግድግዳ ላይ በአንድ ጊዜ ይበሳል። ከዚያ በኋላ በክፍተቱ በኩል በመጋዝ ይቆርጣታል። ቀዳዳዎቹ ቀድመው ስለተበሱ ሲገጠሙ ልክ ይመጣሉ።

አሁን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ግድግዳ አለው። ሁለት ሙሉ ሳህን ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይንሳፈፋል።

ከኮምፔንሳቶ የሚሠሩ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። ኮምፔንሳቶ ቀጫጭን እንጨት በኮላ ተደራርቦ የሚጣበቅበት ጣውላ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ውሃ እንዳይጠጣ በደንብ ይለቀለቃል፤ ይቀባል።

ሲገጠሙ ሁለቱ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። በብሎንና በዳዶ ይጠበቃሉ። ከታች ያሉት ቀዳዳዎች ከውሃው ወለል በታች ስለሚሆኑ ውሃ እንዳያስገቡ ጎማ ይደረግባቸዋል።

ልብ በሉ! ማዕበል ሲመጣ አንዱን ጫፍ ያነሣል፣ ሌላውን ይጥላል። ያ ሁሉ ኃይል መጋጠሚያው ላይ ያርፋል። ብሎኑ ከላላ የጀልባይቱ ጥንካሬ ከንቱ ነው። ስለዚህ አዋቂ ቀዛፊ ሰው ከማሳፈሩ በፊት ብሎኑን አንድ በአንድ በእጁ ይነካል።

በትከሻ አገር ያቋረጠች ጀልባ

ከፋፍሎ መሥራት የቆየ ብልሃት ነው። በ1867 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1874) ሄንሪ ስታንሊ የሚባል ጋዜጠኛ ከባጋሞዮ ተነሣ። ባጋሞዮ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ ያለች ከተማ ናት። የሚሄደው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ፈረንጆች ስለዚህ ሐይቅ ይከራከሩ ነበር። አንዱ «አንድ ትልቅ ሐይቅ ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ብዙ ሐይቆች ናቸው» ይላል። ክርክሩ ነጭ ዓባይ ከየት ይነሣል የሚል ነው። ነጭ ዓባይ ከእኛው ዓባይ ጋር ካርቱም ላይ የሚገናኘው ወንዝ ነው። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ግን ሐይቁን ድሮም ያውቀው ነበር።

ስታንሊ በእንግሊዝ አገር የተሠራች «ሌዲ አሊስ» የተባለች ጀልባ ነበረችው። ርዝመቷ 12 ሜትር ያህል ነው። ለአምስት ትከፈላለች። ነገር ግን ስትመዘን እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ኩንታል በላይ ሆነ። በቀጭን የጫካ መንገድ ይህን ማን ይሸከማል? አናጢ ተጠርቶ ክፍሎቹ እንደገና ለሁለት ለሁለት ተከፈሉ።

ከዛንዚባርና ከጠረፉ የተቀጠሩ ተሸካሚዎች ጀልባይቱን ከመቶ ቀን በላይ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በትከሻቸው ተሸከሟት። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አካባቢ ተገጥማ ሐይቁ ላይ ወረደች። ሁለት ወር ያህል በዳሩ ዞረች። ሐይቁም አንድ ሰፊ ሐይቅ መሆኑ ተረጋገጠ።

ጀልባይቱ ግን ለደግ ነገር ብቻ አልዋለችም። ቡምቢሬ በተባለች ደሴት ከስታንሊና ከሰዎቹ ጋር ጠብ ተነሣ። የደሴቱ ሰዎች መቅዘፊያቸውን ወሰዱባቸው። እነስታንሊም የጀልባይቱን የወለል ሳንቃ ነቅለው እየቀዘፉ አመለጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስታንሊ ሊበቀል ተመለሰ፤ ብዙ የደሴቱን ሰዎች በጠመንጃ ገደለ።

ከዚያም ጉዞው ወደ ኮንጎ ወንዝ ቀጠለ። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ በመንገድ በበሽታ፣ በረሃብ፣ በጦርነትና በፏፏቴ አለቁ። በ1869 ዓ.ም. ሐምሌ ወር (በፈረንጆች 1877) ኢሳንጊላ ከተባለው ፏፏቴ አጠገብ ሲደርሱ የቀሩት ተርበው፣ ደክመው ነበር። «ሌዲ አሊስ»ን ድንጋይ ላይ ትተዋት በእግር ሄዱ። የጀልባይቱ ስም እስከ ዛሬ ይነገራል። የተሸካሚዎቿ ስም ግን እምብዛም አይነሣም።

እንግዲህ ሸክም ሲከፋፈል ይቀላል እንጂ አይጠፋም። የተከፋፈለውን ሁሉ የሚያነሣ ትከሻ አለ። ያም ትከሻ እህል ይፈልጋል፤ ዕረፍት ይፈልጋል።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ

1. የጀልባይቱ ሁለት ክፍሎች ለየብቻቸው የሚንሳፈፉት ለምንድን ነው?
2. ብሎኑን ማን ማየት አለበት? መቼ?
3. በቀያችሁ ለአንድ ሰው የከበደ፣ ቢከፋፈል ግን የሚቀል ሥራ የትኛው ነው?