ተጨማሪ መረጃ፦ ለአርማታ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ?

ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የግቢ ወለል በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አርማታ ሊሞላ ነው እንበል። ይዘቱ 2 ሜትር ኩብ ነው። ደረቁ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ግን ሲቦካና ሲጠቀጠቅ ክፍተቱ ስለሚሞላ መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ በ1.54 እናባዛለን፤ 3.08 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ድብልቁ 1 ለ2 ለ3 ከሆነ ሲሚንቶው ከስድስት እጅ አንዱ፣ 0.51 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 740 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ባለ 50 ኪሎ 15 ከረጢት ያስፈልጋል። ለብክነት አንድ ሲታከልበት 16 ከረጢት፣ ማለትም 8 ኩንታል ይሆናል። ከሁሉ በላይ ውፍረቱን በጥንቃቄ ለኩ፤ 10 የታሰበው 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሦስት ከረጢት ይጨምራል።

ይህ ስሌት በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ ላሉት ጥንታዊ ቤቶች አይሆንም። ግድግዳቸው ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነው፤ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ግድግዳውን ይጎዳል። ለእነርሱ የሚስማማው ጭቃና ኖራ ነው።