ከአሸንጌ ወደ ለንደን

በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ መልእክተኛ ጄራልድ ፖርታል የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። ራስ አሉላ አስመራ ላይ አግተው ካሰነበቱት በኋላ አፄ ዮሐንስን አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ሰፍረው አገኛቸው። የንግሥቲቱ ቃል ሲጠቃለል፣ ከጣሊያን ጋር ታረቁ የሚል ነበር። ፖርታል ይዞት የተመለሰው መልስ ግን ሌላ ነው።

የጠቡ ሥር ወደብ ነው። በ1876 ዓ.ም. አድሚራል ሂዌት ዓድዋ ድረስ መጥቶ ውል ተዋዋለ። ንጉሡ በማህዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል ያስወጣሉ፤ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፤ ምጽዋ ላይም ዕቃ ሁሉ፣ ጠመንጃና ጥይት ሳይቀር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ በነጻ ያልፋል። ዮሐንስ የበኩላቸውን ፈጸሙ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 1877 ዓ.ም.፣ የጣሊያኑ አድሚራል ካይሚ መርከቦች ምጽዋ ደርሰው ወታደር አወረዱ። እንግሊዝ ልትከለክል ቀርቶ ገፋፍታ ነበር። የጦር መሣሪያው መንገድ ተዘጋ፤ ጣሊያኖች ወደ ሰሐጢና ወዓ ገፉ፤ ጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህሉን ደመሰሱ።

የዮሐንስ የመልስ ደብዳቤ የሚነበበው እንደ በላ ልበልሃ ሙግት ነው። ተሟጋቹ መጀመሪያ ውሉን ያነሣል፤ እኔ ጠብቄአለሁ ይላል። ቀጥሎ ጠቡን የጀመረው ነጋዴ ያስቆመውና ሰሐጢና ወዓ ድረስ የገባው መሆኑን ያስረዳል። ክርስቶስ የሰጠኝን አገር ለእነርሱ አስረክብ ማለት ፍርድ ያጎደለ ትእዛዝ እንደሆነም ለንግሥቲቱ በግልጽ ይነግራታል። ፈረሶች ተለጉመዋል፣ ሰይፎች ተመዘዋል የሚለው ክፍል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነው። ለእኔ ግን ክብደቱ ያለው ከዚያ በፊት ነው፦ ልታስታርቂን ብትፈልጊ ኖሮ እነርሱ በአገራቸው፣ እኔም በአገሬ ሳለን ነበር የሚለው። በጥይት የማይመለስ መከራከሪያ ነው፤ ለንደንም መልስ አልነበራትም።

ችግሩ ሙግቱን የሚሰማ ዳኛ አለመኖሩ ነበር። ያውም ደብዳቤው ከመጻፉ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ተዋውለው ነበር፤ ገለልተኛ ቢሆኑ ጣሊያን 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ልትሰጣቸው። ለዮሐንስ የተዘጋው መሣሪያ በሌላ በር ወደ ሸዋ ገባ ማለት ነው። ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ።

ለአርባ ምንጭ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ ይመስል ይሆናል፤ አይደለም። ከባሕር ዳርቻ እየገዙና እየተቀበሉ ያከማቹት ጠመንጃ ነው የምኒልክን ጦር በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ያስገባው፤ የጋሞ ደጋም በዚያው ዘመን በግዛታቸው ሥር ዋለ። ጣሊያንም ብትሆን ከባሕሩ ዳርቻ ብቻ አልቀረችም። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦጤጎ በደቡብ በኩል መጥቶ የአባያን ሐይቅ በጣሊያን ንግሥት በማርጋሪታ ስም ሰየመው፤ ጫሞ ደግሞ ቀደም ሲል በዝሆን በተገደለው በመስፍን ሩስፖሊ ስም በካርታ ላይ ሰፈረ። የሐይቆቹ ዳር ነዋሪዎች ስሞቹን አልተቀበሏቸውም። ቦጤጎ በ1889 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ በውጊያ ተገደለ።