ስንዴ የማይስማማው ሰው ፒዛ እንዴት ይበላል?

ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ከስንዴና ከገብስ ጋር ዕድሜ ልኩን መለያየት አለበት። በእነዚህ እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀት ሲደርስ፣ የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ቆጥሮት ይነሣና የራሱን አንጀት ግድግዳ ያቆስላል። ምግብ የሚመጥጡት የአንጀት ጥቃቅን እጥፋቶች ይጠፋሉ። ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ደም ያንሰዋል። ከዓለም ሕዝብ ከመቶ አንድ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን ያስመሰከረው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ነው። በ1944 እና 45 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ሆላንድ ውስጥ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሰው በረሃብ ሲጎዳ ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ግን አገገሙ። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ።

ታዲያ ፒዛ ለእንዲህ ያለ ሰው ለምን አስቸጋሪ ሆነ? የስንዴ ዱቄት በውኃ ሲታሽ በውስጡ ያሉት ግሉተኒንና ግሊያዲን እርስ በርስ ተያይዘው የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ የሚይዘው፣ ሊጡም በእጅ ሲዘረጋ እንዳይበጠስ የሚያደርገው ይህ መረብ ነው። የሩዝ ወይም የበቆሎ ዱቄት መረቡ ስለሌለው ሲዘረጋ ይፈረካከሳል። በውጭ አገር ሱቆች ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ግሉተን አልባ የፒዛ ቂጣ መፍትሔው ሌላ ነው። የሩዝ ዱቄት፣ የካሳቫና የድንች ስታርች ይቀላቀላሉ፤ ዛንታን ጋም የተባለ አወፋሪ ይጨመርበታል፤ ድብልቁ እንደ እንጀራ ሊጥ ቀጭን ሆኖ በቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ፋብሪካው አስቀድሞ የሚጋግረው ስታርቹ በሙቀት አብጦና ተያይዞ ቅርጽ እንዲይዝ ነው። ገዢው ከላይ የሚፈልገውን ደርድሮ ምድጃ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይቀረዋል። የፒዛ አገር ጣሊያን በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ለሴሊያክ ሕሙማን ግሉተን አልባ ምግብ መግዣ ድጎማ ትሰጣለች።

ፋብሪካው በዛንታን ጋም የሚሠራውን ሥራ የእኛ እናቶች በአብሲት ይሠሩታል። ከተብላላው ሊጥ ጥቂት ተጨልፎ በውኃ ይፈላል፤ እስኪወፍር ድረስ ይማሰላል፤ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። በፈላው ሊጥ ውስጥ የጤፉ ስታርች ውኃ ጠጥቶ ስላበጠ ቀጭኑን ሊጥ ያያይዘዋል፤ እርሾው የሚያወጣው አየርም በቀላሉ አያመልጥም። ሊጡ ኩፍ ይላል። ምጣድ ላይ ሲፈስስ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈነዳ በየቦታው ዓይን ይተዋል። አብሲት የጎደለው እንጀራ ዓይኑ ጥቂት ነው፤ ዱቄት ዱቄትም ይላል። እንግዲህ ከመሶብ የሚወጣው የጤፍ እንጀራ አስቀድሞ የተጋገረ፣ ግሉተን የሌለው፣ ክብ ቂጣ ነው። የፒዛ ቂጣ ፍለጋ ከዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የጤፍ ፕሮቲን የሴሊያክን ሕመም የሚቀሰቅስ ግሉተን እንደሌለው ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አስነብበዋል። በዚያው ዘመን አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መብቱን ሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው፤ ትክክለኛ ፍርድ ነበር።

ጤፍ በራሱ ንጹሕ ነው። ችግሩ ጎረቤቱ ነው። በጎጃም ከአምበር እስከ ብቸናና ሞጣ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ስንዴም ገብስም ይዘራል። አንዱ አውድማ ላይ ሁለቱም ይወቃሉ፤ አንዱ ወፍጮ ሁለቱንም ይፈጫል። እዚያ እንግዶ የሚባለው አጃ ራሱ ብዙዎቹን ሕሙማን ባይጎዳም ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ አይታመንም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ግሉተን አልባ ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ 20 ሚሊግራም ግሉተን ነው። የስንዴ ዱቄት አሥር በመቶ ያህሉ ግሉተን ነው ብንል፣ አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከሩብ ግራም ያነሰ የስንዴ ዱቄት ሲነካው ልኩን ይደርሳል። በሁለት ጣት ጫፍ የሚቆነጠር ነገር ማለት ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከወፍጮ በፊት ይጀምራል። አንድ የስንዴ ፍሬ ወደ 150 የሚጠጉ የጤፍ ፍሬዎችን ይመዝናል፤ በጥሩ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ያልፋል፣ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ከተፈጨ በኋላ ግን የሚለየው የለም። ወፍጮ ቤት ደግሞ ተራው ከስንዴ በኋላ ከሆነ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወርዳል። ባለወፍጮውን አስረድቶ መጀመሪያ የራስን ጥቂት ጤፍ አስፈጭቶ ለሌላው ቤተሰብ መለየት፣ ከዚያ የሕመምተኛውን ማስፈጨት ይረዳል። ሙሉ ዋስትና ግን አይሆንም፤ የተሻለው ስንዴና ገብስ የማይገባበት የቤት ወፍጮ ነው። እርሾውም ከንጹሕ ጤፍ የተጀመረ ይሁን። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ምጣድ ለሕመምተኛው እንጀራ አይሁን። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊደባለቅበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይግዙ፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ ስንዴ ከመተዉ በፊት ሐኪም ይየው፤ ግሉተን ካቆመ በኋላ የደም ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል።

አሁን ወደ ምጣዱ። ትኩስ እንጀራ ውኃ ስላዘለ ያደረው ይሻላል። ከታች ያለው ልሙጥ ፊት ምጣዱን ነክቶ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ በለስላሳ እሳት ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ይደርቅ፤ ዘይት ቀባ ማድረግ ዓይኖቹ መረቅ ቶሎ እንዳይመጥጡ ይረዳል። የቲማቲሙ ስልስ ውኃው እስኪያልቅ መብሰል አለበት፤ ቀጭን ስልስ እንጀራውን ፍትፍት ያደርገዋል። በላዩ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጎመን ወይም እንጉዳይ በስሱ። በጾም ቀን ይኸው በቂ ነው፤ የጾም ፒዛ በየከተማው የሚወደደውም እንዲሁ ነው። በፍስክ ቀን ሞዛሬላ የተባለው የፒዛ አይብ ከተገኘ ክዳኑ ተደፍቶ እስኪቀልጥ ይጠበቃል፤ የቆርቆሮ ክዳን ከሆነ እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብ በመሃል ይጠረግ።

የእኛ አይብ ግን አይቀልጥም። ከአሬራ በኮምጣጣነቱና በሙቀት የረጋ ስለሆነ ፕሮቲኑ ተጨማትሮ ካልሲየሙን ትቷል። ሬኔት በሚባል ወተት አርጊ የሚረጋው ሞዛሬላ ግን ከካልሲየሙ በከፊል ይዞ ስለሚቀር ሲሞቅ ይለጠጣል። ስለዚህ የእኛ አይብ ፒዛው ከእሳት ከወጣ በኋላ ከትንሽ የተነጠረ ቅቤ ጋር ይበተንበታል፤ ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙ ከስልሱ ጋር በጣም ይስማማል። በስለት ተቆርጦ ወዲያው ይቅረብ፤ ሩብ ሰዓት ከቆየ እንጀራው ይለሰልሳል፣ ያኔ በእጅ ጠቅልሎ መጉረስ ነው።