የዱር አሳማን ቁጥር መቆጣጠርና የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት፦ ጠመንጃ ብቻውን ለምን አይበቃም?



የዛሬው ገለጻዬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። በዱር እንስሳት መካከል ወረርሽኝ ሲነሣ የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስ በሽታውን ይገታዋልን? ለጊዜው ሲታይ መልሱ ግልጽ ይመስላል። እንስሳቱ ካነሱ ንክኪው ያንሳል፤ ንክኪው ካነሰ በሽታው ይከስማል። ይሁን እንጂ አውሮፓ ከአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ጋር ባደረገችው ትግል የተገኘው ልምድ ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን አሳይቷል። ጊዜውንና ቦታውን ያልጠበቀ ግድያ በሽታውን ከማጥፋት ይልቅ ሊያሰራጨው ይችላል። ይህን ልምድ ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሳማ በብዛት በማይረባበትና ሥጋውም በአብዛኛው ሕዝብ በማይበላበት አገር ይህ ርእስ ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሁለት ምክንያቶች አሉኝ። አንደኛ፣ በሽታው እኛም ዘንድ አለ። ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ የአሳማ እርባታዎች ከተከሰቱ ወረርሽኞች የተገኘው ቫይረስ ሲመረመር ቀድሞ ከሚታወቁት ዝርያዎች የተለየ ሆኖ በመገኘቱ 23ኛው ጂኖታይፕ ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለተኛ፣ እዚህ ካላችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ ነገ በዱርና በቤት እንስሳት መካከል በሚመላለሱ በሽታዎች ላይ ውሳኔ እንድትሰጡ ትጠየቃላችሁ። ያን ጊዜ «ተኩሱ» ወይም «ተዉ» ማለት የአርሶ አደሩን ኑሮና የዱሩን ሕይወት የሚነካ ውሳኔ ይሆናል።

የበሽታው ጠባይ

አስቀድሜ ቃላቱን ልለይ። ከርከሮ የምንለው የአፍሪካ እንስሳ ነው። ዛሬ በዋናነት የምናገርለት የዱር አሳማ ግን የአውሮፓና የእስያ ተወላጅ ሲሆን፣ የቤት አሳማ የተገኘው ከእርሱ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ቫይረሱ በጥንተ መኖሪያው፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ፣ በከርከሮና በከርከሮው ጉድጓድ ውስጥ በሚኖር መዥገር መካከል ይመላለሳል፤ ከርከሮው በቫይረሱ ቢያዝም አይታመምም። የቤት አሳማና የአውሮፓው የዱር አሳማ ግን ይህ ጥንታዊ ትውውቅ የላቸውም። ከተያዙት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ሞቱም ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ነው። ሞንትጎመሪ የተባሉት የእንስሳት ሐኪም በሽታውን በኬንያ አጥንተው በ1921 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁትም፣ ከአውሮፓ የመጡ የሰፋሪዎች አሳማዎች በብዛት ማለቃቸውን ተከትሎ ነው። በሽታው ሰውን እንደማይዝ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።

የአሁኑ ታላቅ ወረርሽኝ መነሻ 2007 ነው። በዚያ ዓመት ቫይረሱ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በኩል ጆርጂያ ገባ፤ ከዚያም ወደ ሩሲያ ዘለቀ። በ2014 ሊትዌኒያን፣ ፖላንድን፣ ላትቪያንና ኢስቶኒያን ያዘ። በ2018 ቻይና ደርሶ ከአገሪቱ የአሳማ መንጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን አሳጣ። በአውሮፓ ጉዳዩን ያወሳሰበው ቫይረሱ በእርባታዎች ብቻ ሳይወሰን በጫካው የዱር አሳማ ውስጥ መሠረት መያዙ ነው።

በሽታው ፈጥኖ የሚገድል ከሆነ የሚይዘውን አጥቶ ራሱ መጥፋት አልነበረበትምን? መልሱ የሚገኘው በበድኑ ላይ ነው። ቫይረሱ በደም፣ በሥጋና በአጥንት መቅኔ ውስጥ እጅግ ጽኑ ነው፤ በቀዘቀዘ ሥጋ ውስጥ ለወራት፣ በበረዶ በደረቀ ሥጋ ውስጥም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በአውሮፓ ክረምት ጫካ ውስጥ የሞተ አሳማ በድን ሳይበሰብስ ይሰነብታል። ጤነኞቹ አሳማዎች መጥተው ያሸቱታል፤ ዙሪያውን አፈር ይቆፍራሉ፤ አልፎ አልፎም ይበሉታል። ስለዚህ እንስሳው ከሞተ በኋላም ማስተላለፉን አያቆምም። የሕያዋኑ ቁጥር በጣም ቢያንስ እንኳ፣ ዛሬ የሞተው ከሁለት ወር በኋላ በዚያ የሚያልፈውን ይጠብቀዋል። «ቁጥሩ ከዚህ በታች ከወረደ በሽታው ይጠፋል» የሚባል አስተማማኝ ወሰን ማስቀመጥ ያልተቻለው ስለዚህ ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የስርጭቱ ፍጥነት ነው። በዱር አሳማዎች መካከል ብቻ ሲሄድ በሽታው አዝጋሚ ነው፤ በአብዛኛው በዓመት ከሃያ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን በአንድ ጊዜ ሲዘል ግን የተሸከመው ሰው ነው። በመንገድ ዳር የተጣለ የቋሊማ ቁራጭ፣ ያልጸዳ የአዳኝ ጫማና የመኪና ጎማ ለዚህ በቂ ናቸው።

የቁጥሩ ስሌት

የዱር አሳማ ከታላላቅ አጥቢ እንስሳት መካከል በመራባት ፍጥነቱ ተወዳዳሪ የለውም። እንስቷ ምግብ ካገኘች ዓመት ሳይሞላት ልትፀንስ ትችላለች፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ግልገሎች ትወልዳለች። ለማብራሪያ ያህል በአንድ ጫካ ውስጥ 100 አሳማዎች አሉ እንበል። በዓመቱ 150 ግልገሎች ቢጨመሩ ጠቅላላው 250 ይሆናል። አዳኞች ከዚህ 40 በመቶውን ቢገድሉ 150 ይቀራሉ። ብዙ ተገድሎም ቁጥሩ ከአምናው በግማሽ ጨምሯል ማለት ነው። ቁጥሩን ከመቶ በታች ለማውረድ 65 በመቶ ገደማ ማስወገድ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚቀሩት 87 ወይም 88 ናቸው። ተራው የስፖርት አደን ይህን መጠን የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። በዚያ ላይ አዳኙ ትልቅ ጥርስ ያለውን ወንድ ይመርጣል፤ የመንጋውን ዕድገት የምትወስነው ግን እንስቷ ናት። አደኑ እንዲሰምርለት በቆሎ የሚበትን ከሆነ ደግሞ በአንድ እጁ የቀነሰውን በሌላው እጁ ይመልሰዋል። በመሆኑም በሽታው ባልደረሰበት አካባቢ የሚመከረው የመጀመሪያው እርምጃ ተኩስ ሳይሆን መመገብን ማቆም ነው፤ ቀጥሎም እንስቶችን ያተኮረ፣ ለዓመታት የማይቋረጥ ቅነሳ ነው።

ቅነሳው ቀድሞ ቢደረግ ይጠቅማል። በሽታው ከገባ በኋላ ግን ስሌቱ ይለወጣል። በውሻና በጩኸት ተከብቦ የሚባረር የአሳማ መንጋ ከወትሮው መዋያው ርቆ ይበተናል። በመንጋው ውስጥ የታመሙ ካሉ በሽታውን ይዘው ወደ ንጹሑ አካባቢ ይሸሻሉ። በአዳኝ የተመታውም ጫካ ውስጥ ሆድ ዕቃው ከወጣ ደሙ መሬቱን ይበክላል።

ሁለት የተሳኩ ምሳሌዎች

በሰኔ 2017 በቼክ ሪፐብሊክ በዝሊን ከተማ አቅራቢያ ሁለት የሞቱ የዱር አሳማዎች ተገኙ። በቅርብ የሚታወቀው የተበከለ አካባቢ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቅ ስለነበር ቫይረሱን ያመጣው ሰው መሆኑ አያጠራጥርም ነበር። ባለሥልጣናቱ 57 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን እምብርት በኤሌክትሪክ አጥርና አሳማን በሚያርቁ ሽታዎች ከበቡት። በዚያ ውስጥ አደን ተከለከለ፤ ሰውም እንዳይገባ ተደረገ። አንዳንድ ሰብሎች ሳይታጨዱ እንዲቆሙ ተወሰነ፤ አሳማው ምግብና መሸሸጊያ ካለው ከቦታው አይነቃነቅምና። በዚህ መካከል የሰለጠኑ ሰዎች በድን እየፈለጉ አስወገዱ። በውጭው ቀጠና ግን ጠንካራ አደን ተደረገ። በሽታው ብዙውን ከገደለ በኋላ በመጸው ወራት የተመረጡ አዳኞችና የፖሊስ አልሞ ተኳሾች ወደ እምብርቱ ገብተው የቀሩትን አወጡ። በጠቅላላው በበሽታው መያዛቸው የተረጋገጠው 230 ገደማ ሲሆኑ ከእነርሱ እጅግ የሚበዙት ሞተው የተገኙ ናቸው። ከሚያዝያ 2018 በኋላ አዲስ አልተገኘም፤ አንድም የአሳማ እርባታ አልተያዘም። በ2022 መጨረሻ በሽታው ከፖላንድ ድንበር በኩል ዳግም ወደ አገሪቱ መግባቱ ድሉ ዘላቂ ጥበቃ የሚሻ መሆኑን ያስታውሰናል።

ቤልጂየም የገጠማት ከዚህ የሰፋ ነበር። በመስከረም 2018 በደቡባዊው የሉክሰምበርግ ክፍለ ሀገር በሽታው ሲረጋገጥ ቀድሞ ለሳምንታት ሳይታወቅ ሲዛመት ቆይቶ ነበር። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አጥር ተተከለ፤ ጫካዎቹ ለአደን፣ ለእንጨት ሥራና ለሽርሽር ተዘጉ፤ በቀጠናው የነበሩ የቤት አሳማዎች ለጥንቃቄ ተወገዱ። 833 የዱር አሳማዎች መያዛቸው ተረጋገጠ፤ ነገር ግን የአገሪቱ እርባታዎች ዳኑ፤ በ2020 መጨረሻም ቤልጂየም ነጻነቷን አስመለሰች። አጥሩ አሳማን ፈጽሞ የሚያግድ ግንብ አልነበረም። ጥቅሙ እንቅስቃሴውን ማዘግየትና በድን ለሚፈልጉት፣ ቆይቶም ለተኳሾቹ ጊዜ መግዛት ነው።

ከሁለቱ የምንማረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አስቀድሞ ጸጥታ፣ ቀጥሎ ማጠርና በድን መሰብሰብ፣ በዙሪያው ባዶ ቀጠና ማበጀት፣ በስተመጨረሻም በእምብርቱ የቀሩትን ማስወገድ። ጠመንጃው አለ፤ ተራው ግን መጀመሪያ አይደለም።

ያልተሳካበትና የዘገየበት

ይህ ዘዴ የሚሠራው በሽታው በአንድ ነጥብ ላይ ሲወድቅና ቶሎ ሲታወቅ ነው። በባልቲክ አገሮችና በምሥራቅ ፖላንድ ቫይረሱ ከጎረቤት በሰፊ ግንባር ስለገባ ሊከበብ የሚችል እምብርት አልነበረም። በኢስቶኒያ የዱር አሳማው ቁጥር በበሽታውና በአደኑ እጅግ ቢያሽቆለቁልም ቫይረሱ በቀሩት ጥቂቶች መካከል መዘዋወሩን ቀጠለ።

የሰርዲኒያ ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። በሽታው ወደ ደሴቲቱ በ1978 ገብቶ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ። ለረጅም ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በዱር አሳማው ላይ ነበር። ዋናው አቆያይ ግን በተራራማው የማዕከላዊ ክፍል በጋራ መሬት ላይ ያለ ምዝገባ ተለቅቀው የሚሰማሩት የቤት አሳማዎች ነበሩ። መንግሥት ከ2015 ወዲህ እነዚህን ማስወገድ ሲጀምር ከአንዳንድ መንደሮች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ልማዱ ከአባት የወረደ ነውና። ማስወገዱ ሕጋዊ እርባታን ከመደገፍና ከማስተማር ጋር ሲጣመር ግን ውጤት አመጣ። ከ2019 ወዲህ ቫይረሱ በዱር አሳማው ላይ አልታየም፤ በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ገደቦቹን አነሣ። የዱሩ አሳማ ፈጽሞ ሳይጠፋ በሽታው ጠፋ።

ክትባትስ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እጠብቃለሁ። ጀርመን ክላሲካል የአሳማ ትኩሳትን ከዱር አሳማዎቿ ያጠፋችው ጫካ ውስጥ በሚበተን፣ በምግብ በተሸፈነ ክትባት ጭምር ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ያ በሽታ በፍጹም ሌላ ቫይረስ የሚያመጣው ነው። ለአፍሪካው የአሳማ ትኩሳት ቬትናም ለቤት አሳማ የሚሆን ሕያው ክትባት ፈቅዳለች፤ ለዱር አሳማ ግን ፈቃድ ያገኘ የለም።

ለእኛ የሚተርፈው

የዚህ ሁሉ ማጠቃለያ አንድ ጥያቄ ነው፤ በሽታውን ያቆየው ማን ነው? በዝሊን መልሱ በድኑ ነበር፤ በሰርዲኒያ ልቅ የቤት አሳማ። አያቶቻችን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በክፉ ቀን ከብቶቻቸውን የጨረሰባቸውን የደስታ በሽታ ብናስታውስም ትምህርቱ ይኸው ነው። ጎሹንና ሌሎች የዱር እንስሳትንም ይገድል ነበር፤ ነገር ግን ከብቱ ሲከተብ ዱሩ ብቻውን ሊያቆየው አልቻለም፤ በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ያን ጊዜ ጎሹን ጥፋተኛ አድርጎ መፍጀት የዱሩን ሀብት ማጥፋት ብቻ በሆነ ነበር።

በአገራችን ለአሳማ አርቢው ቀዳሚው መከላከያ ያለው በደጁ ነው። ጠንካራ በረት፣ ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ አለማብላት፣ የታመመን አሳማ በችኮላ ገበያ አለማውጣት፣ ሞት ሲበዛ ወዲያው ማሳወቅ። ይህን ለማድረግ ግን አርቢው የሚያሳውቀው አካል እንደሚረዳው ማመን አለበት። በድን አይቶ የተናገረ ሰው ቅጣት ብቻ የሚጠብቀው ከሆነ ሁለተኛ አይናገርም። ቼኮች በድን ለጠቆመ ሰው ገንዘብ የከፈሉት ይህን ተረድተው ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ ወረርሽኝ ሲነሣ ሕዝብም ሹማምንትም የሚታይ እርምጃ ይሻሉ፤ የተኩስ ድምፅም ከሁሉ በላይ ይሰማል። የእናንተ ሙያ ግን ከተኩሱ በፊት ጫካው ጸጥ እንዲል መጠየቅንና ለምን እንደሆነ ለሕዝቡ ማስረዳትን ይጠይቃል።