ከጉባ እስከ ምጣዳችን

በኮልፌ ቀራኒዮ መብራት በጠፋ ቁጥር «ግድቡ አልቆ የለም እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰፈሩ ሰው ቦንድ ገዝቷል፣ ከደመወዙ አዋጥቷል። ምን እንዳገኘና ምን እንደሚያስከፍለው ማወቅ መብቱ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የዋናው ግድብ ከፍታ 145 ሜትር ነው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። 13ቱ ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫሉ።

ትልቁ ጥቅሙ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ማቆየቱ ነው። ዓባይ በነሐሴ ይሞላል፣ በጋ ላይ ይቀንሳል፤ ግድቡ ግን ዓመቱን ሙሉ ኃይል ለማመንጨት ያስችላል። አሠራሩ በመረጃ ልውውጥ ከተደገፈ የሱዳንንም ጎርፍ ያቀልላል። ለእናቶች ደግሞ ኤሌክትሪክ ማለት ከባሕር ዛፍ ጭስ መገላገል ነው።

ታዲያ መብራቱ ለምን ይጠፋል? የጉባ ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል፤ ከኮልፌ በአምቦ መንገድ ሲወጡ ሩቅ አይደለም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው፦ ያረጀ ሽቦ፣ አቅሙ ያነሰ ትራንስፎርመር። አንድ የእንጀራ ምጣድ እስከ 3 ሺህ 500 ዋት ይስባል፤ ይህም 10 ዋት የሚወስዱ 350 አምፖሎች እንደማብራት ነው። በበዓል ዋዜማ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጣድ ትራንስፎርመሩ አይችለውም። ጉባ ቢሞላም የመጨረሻው ሽቦ ካልተጠገነ ቤታችን ይጨልማል።

የግድብ ዋጋ ግን በብር ብቻ አይቆጠርም። ሐይቁ የተኛበት መሬት ባዶ አልነበረም። በወንዙ ዳር ያርሱና ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀዋል። በኦሞ ወንዝም ጊቤ 3 ከተገደበ በኋላ የጎርፉን መሸሽ ጠብቀው ማሽላ የሚዘሩ አርብቶ አደሮች ጎርፉ ቀርቶባቸዋል። ግብፅ በ1970 እ.ኤ.አ. የአስዋንን ግድብ ስትጨርስ ብዙ ሺህ ኑቢያውያን ተፈናቅለዋል፤ ማሳን ያለማ የነበረው ደለልም ከግድቡ ኋላ ስለቀረ ገበሬው ማዳበሪያ ገዢ ሆኗል።

ደለል የእኛም ዕዳ ነው። ከጎጃምና ከወሎ ተራሮች የሚታጠበው አፈር ሁለት ጊዜ ይጎዳናል፤ ማሳውን ያራቁታል፣ የግድቡን ሆድ ይሞላል። የኮልፌ ሰው ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ የለበትም። ለምዕራብ አዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው ገፈርሳ፣ ደለል የሚያስቀርለት ሌላ ግድብ ከበላዩ ተሠርቶለታል።

ስለዚህ ግድቡን መውደድና ስለ ግድቡ መጠየቅ አይጣሉም። ቀያቸውን ለለቀቁት ምን ተደረገ? መብራቱ አጠገባቸው ላሉ መንደሮች ደረሰ? እርከኑስ እየተሠራ ነው? ቦንድ የገዛ ሁሉ የመብራት ቆጣሪውን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ሊጠይቅ ይገባል። ለቤታችን ደግሞ አንድ ቀላል ምክር አለ፦ ለበዓል እንጀራውን ከዋዜማው ምሽት ይልቅ ቀደም ብሎ በማለዳ መጋገር፣ ከጎረቤት ጋርም ሰዓት መከፋፈል።