ትንሿን መኪና በሚገባ ስለ መጠበቅ

አዲስ ዕቃ መግዛት ቤትን የሚያስከብር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ቤት የሚጸናው በተገዛው ብዛት ሳይሆን የተገዛው በሚገባ ሲጠበቅ ነው። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በመገናኛና በሲ ኤም ሲ መንገድ የሚመላለሱት ትናንሽ መኪናዎች ለዚህ ነገር መልካም ምስክሮች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አንጋፋዪቱ ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» የሚላት ቮልስዋገን ናት። በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ከተማ በብዛት መሠራት የጀመረችው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። እንግዲህ ዛሬ በጎዳናችን የምትታየው አሮጌዪቱ ቮልስ ሁሉ ከ20 ዓመት በላይ የኖረች ናት፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈችም አለች።

ይህን ያህል የምትኖረው ስለ ምን ነው? አሠራርዋ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ሞተርዋ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ስለዚህ የሚፈላ ራዲያተር የላትም። ነገር ግን ነፋሱን የሚያመጣው ማራገቢያ የሚዞረው በአንዲት ቺንጊያ ነው። ቺንጊያዪቱ ተበጥሳ ቀዩ መብራት ሲበራ ወዲያው ያልቆመ ነጂ ሞተሩን ያቃጥላል። የሞተሩ ዘይትም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ ሲያድፍ ቶሎ ይጎዳዋል። ዘይት የመለወጫው ጊዜ ሲደርስ «ነገ» የሚል ባለቤት፣ ጥቂት ብር ለማትረፍ ብሎ ሞተሩን ያጣል።

የከተማችንም ከፍታ መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየርዋ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚህ አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ስለዚህ ብልህ መካኒክ ዘንድ ማስተካከል ገንዘብንም የጎረቤትንም ሳንባ ማዳን ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት የቮልስን ቦታ የያዘችው በ1991 ዓ.ም. በጃፓን ለገበያ የቀረበችው ቶዮታ ቪትዝ ናት። እርስዋ ቤንዚንዋን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለምትመጥን ከፍታውን ራስዋ ታውቃለች። ይሁን እንጂ የራዲያተሩን ውሃ፣ ዘይቱንና በአዳዲስ ሰፈሮች አቧራ የሚደፈነውን የአየር ፊልትሮ የሚመለከትላት ሰው ያስፈልጋታል።

ይህ ትጋት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጅ ያለችው በቀላሉ አትተካም።

ነገር ግን ከቁጠባ የሚበልጥ ነገር አለ፤ እርሱም የሰው ነፍስ ነው። መኪናውን ጸበል አስረጭቶ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ከፊቱ አድርጎ፣ ያለቀ ፍሬን ይዞ የሚወጣ ሰው እምነቱን ለስንፍናው መሸፈኛ አድርጎታል። በቦሌ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ አብቅቶ እናቶች ሕፃናትን እየመሩ መንገዱን ሲሻገሩ፣ ሕይወታቸው በዚያ ሰው እግርና ፍሬን ላይ ነው። ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ የአንድ ቀን ነው፤ መንገዱ ግን የዓመት ሙሉ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ በመጀመሪያ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት፤ ቀጥሎ ዘይትና ቺንጊያ፤ ቀለምና ጌጥ በመጨረሻ። በአንድ ደብተርም ቀኑን፣ የተሄደውን ኪሎ ሜትርና የተለወጠውን ዕቃ መጻፍ ይገባል። ጽሕፈቱን ለልጆች መስጠት መልካም ነው፤ ቍጥርንም አደራንም በአንድነት ይማሩበታልና።

መኪናዪቱን መሸጥ ግድ በሆነ ጊዜ ያ ደብተር ለገዢው ይሰጠው። ጉድለትን ሰውሮ መሸጥ በገንዘብ ብቻ ማታለል አይደለም፤ የሌላውን ቤተሰብ ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው። መክሊቱን በታማኝነት የያዘ አገልጋይ ግን የራሱንም የባልንጀራውንም ቤት ይጠብቃል።